የምሥራቹ ድንች

ደብረ ታቦር ስልክ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። አለቃዬ አቶ ደምሴ ከኋላዬ ቆመዋል። ግሪክ አገር ተምረው የተመለሱት መምህር፣ የኔታ ክንፈ፣ የአዲስ አበባ መስመር ጠይቀው መስኮቱ ሥር ይጠብቃሉ። የገሳይዋ ገበሬ እማማ ጥሩዬ የድንች ስልቻቸውን እግራቸው ሥር አድርገው በሩን ተደግፈዋል። እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማገናኛው ሰሌዳ ፊት ተቀምጫለሁ። ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም ነበር።

የእማማ ጥሩዬ ልጅ ምጥ ጠንቶባት ባሕር ዳር ተወስዳለች። ባሏ ሊደውል ቀጥሯቸዋል።

አቶ ደምሴ ደንቡን የነገሩኝ ጠዋት ነው። «ገመዱን ሰክተሽ ታገናኛለሽ። የሰማሽውን ግን አልሰማሽም። ስጦታ አትቀበይም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አልኩ።

ሰሌዳው ላይ የባሕር ዳር መብራት በራ። ገመዱን ሰካሁ። «ለእናቷ ንገሩልኝ! በኦፕራሲዮን ወለደች! ወንድ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው!» አለ የባሏ ድምፅ። እማማ ጥሩዬ ወደ መነጋገሪያው ክፍል ሳይደርሱ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ጠራሁ፤ ባሕር ዳር አይመልስም።

«ምን አለሽ? ልጄ በሕይወት አለች?» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ወደ አቶ ደምሴ ዞርኩ። መሬት መሬት አዩ። ከዚያ «ምን ታይኛለሽ! ንገሪያቸው እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ።

ብድግ አልኩ። «የምሥራች!»

«ምሥር ብዪ! ምሥር ብዪ ልጄ!»

«ወንድ ልጅ ተወልዷል! እናቱም ደህና ናት!»

እልልታቸው በረንዳው ላይ የነበረውን ሁሉ አስነሣ። ስልቻውን አንሥተው ጭኔ ላይ ዘረገፉት። ድንቹ ሰሌዳው ሥር ተንከባለለ።

«ኧረ እማማ! ጉቦ ክልክል ነው» አሉ አቶ ደምሴ።

«ጉቦማ አስቀድሞ ነው የሚሰጥ» አሉ የኔታ። «ይህስ ወንጌል ነው።»

«ድንቹ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«አዎን ድንቹ! ቃሉ የጽርእ፣ የግሪክ ነው፤ ኤዋንጌልዮን። ‹ኤው› ደግ፣ ‹አንጌሎስ› መልእክተኛ። ጥንት ከክርስቶስ በፊት፣ ኤዋንጌልዮን የሚባለው ለምሥራች ነጋሪ የሚሰጠው ዋጋ ነበር። ወሬው ራሱ በዚያ ስም የተጠራ ኋላ ነው። ከዚያ ወደ ግእዝ ገባ፤ ወንጌል አልነው።»

«እኔ መች ይህን አውቄ» አሉ እማማ ጥሩዬ። «እንዲያው ባዶ እጇን እንዴት ትቅር ብዬ ነው።»

«ግሪኮቹም የጀመሩት እንደዚሁ ብለው ነው» አሉ የኔታ።

አቶ ደምሴ አንዷን ድንች ከመሬት አነሡ፤ ጠረጓትና ጭኔ ላይ መለሷት። «ለዛሬ ብቻ!»

አውቶማቲክ ስልክ ገብቶ ሰሌዳው እስኪነሣ ድረስ እዚያው ሠራሁ። መስመር በተቋረጠ ቁጥር የሰማሁትን ምሥራች አድርሻለሁ፤ በሌላው ሁሉ ደንቡን ጠብቄያለሁ። ደግ ወሬ የያዘ ሰው ማቆየት የለበትም።

የዚያን ዕለት ማታ ድንቹን በነጠላዬ ቋጥሬ ወጣሁ።