የአባዬ መኪናና የማርያም ጽዋ

ዛሬም በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የግራሶ ሽታ ሲያውደኝ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር የነበረው የጋሽ ሸምሱ ጋራዥ ፊቴ ድቅን ይልና፣ አባዬ መኪናው ሥር ተጋድሞ እግሮቹ ብቻ ወጥተው ይታዩኛል።

አባዬ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ጸሐፊነቱ ግን ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ላይ አንዲት ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእሽቅድምድም መኪና ከመግዛት አላገደውም። አርጅታ ቂጧ ወርዶ ስለነበር፣ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ሆዷ ድንጋይ ይልስ ነበር።

አንድ ክረምት እማዬ ጉልበቷን ታመመች። ኅዳር ላይ ደግሞ የማርያምን ጽዋ ለመቀበል ተራዋ ነበር። ማኅበርተኞቹ በየወሩ ተራ በተራ እየደገሱ፣ ሲያበቁ ጠላ የተሞላውን ጽዋ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክቡ ነበር፤ ተረኛው ታቅፎት፣ በእልልታ ታጅቦ ቤቱ ይገባል። መንገድ ላይ ከፈሰሰ በበጎ አይታይም። እማዬ ጽዋውን ከምትረከብበት ከአፍንጮ በር እስከ ፒያሳ ቤታችን ያለውን ቁልቁለትና ዳገት በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደምትወጣው ስታስብ እንቅልፍ አጣች። አባዬ፣ «በመኪና ነው የምትሄጂው» አላት።

ክረምቱን ሙሉ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ከረመች። አባዬ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ ስለላላ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስለነበር፣ መኪናዋን በሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች፣ ባሌስትራ በምንላቸው ላይ፣ ከከባድ መኪና የተፈታ ሁለት ብረት ካልተጨመረ ብሎ ድርቅ አለ። ጋሽ ሸምሱ፣ «አቶ ታደሰ፣ ይቺ እኮ ጤፍ አትጭንም። በዚህ ብረት ሳንቲም ቢረግጡ፣ አንበሳ ይሁን ሰው መቀመጫዎ ይለያል» ቢለውም አልሰማም። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ መኪናዋ ቂጧን አነሣች፣ አባዬም ጎረቤቱን ሁሉ አስጎበኘ።

ኅዳር ሃያ አንድ እማዬ ነጭ ያገር ልብሷን ለብሳ፣ ጽዋውን ታቅፋ፣ እኔን መሃል አጣብቃ ተቀመጠች፤ ማኅበርተኞቹ እየዘመሩ በእግር ተከተሉን። ድልድዩ ጋ አንዲት ትንሽ ጉብታ ረገጥን። መኪናዋ እንደ በቅሎ ዘለለች፣ ጠላውም ከእማዬ ደረት እስከ ጉልበቷ ወረደ። እማዬ አልጮኸችም። «አውርደኝ» አለችው ብቻ። የተረፈውን ታቅፋ እያነከሰች ዳገቱን ተያያዘችው፤ አባዬ ልያዝልሽ ቢላት እምቢ ስላለችው፣ በእርምጃዋ ልክ ከኋላዋ እየነዳ ተከተላት። ማኅበርተኞቹ ደርሰውብን ሳቃቸውን በነጠላቸው ሲደብቁ፣ እኔ በአባቴ አፈርኩ። ያ ማፈሬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በሳምንቱ አባዬ ሁለቱን ብረቶች አስፈታ። ጋሽ ሸምሱ ለአንድ ቀን ተረቡን ትቶ፣ ከሌላ አሮጌ መኪና ያወጣቸውን፣ ንዝረት የሚውጡ ባለ ዘይት አሞርቲዘሮች ገጠመለት። ጽዋው እኛ ቤት በከረመበት ወር አባዬ ስለ መኪናዋ አንድም ቀን አላነሣም፤ ወደ ሥራም በእግሩ ይሄድ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ድግሳችን ሲያበቃ፣ ቀጣይዋ ተረኛ ከድልድዩ ማዶ የሚኖሩት አሮጊቷ እማማ ብርቄ ነበሩ። እማዬ ጽዋውን በእጇ እስከ አፉ ሞላችው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ግን ጽዋውን ጨርቅ እያለበሰች፣ «እማማ፣ ታደሰ ያደርስዎታል» አለቻቸው።

እኔ እንደገና መሃል ተጣበቅሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። መኪናዋ ጉብታውን ረግጣ ዝቅ አለች፣ ቀስ ብላም ተነሣች። እማማ ብርቄ ጨርቁን ዳሰስ አድርገው፣ «ደረቅ ነው» አሉ። አባዬ ጥግ ይዞ ቆመና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ዛሬ የምነዳው መኪና ጉድጓዱን ሳይነግረኝ ያልፋል። ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን ቀስ እላለሁ፣ ከኋላዬም ጡሩምባው ይበዛል። በሰው ፊት ላሳፈረኝ ሰው፣ እስከ አፉ የሞላ ነገር ዳግመኛ አምኖ ማስያዝ እንደ እማዬ አልሆነልኝም።