የቦያችን ክዳን

በጎረቤቴ በአንሙት በራፍ ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለች። የመጣው ሰው ሁሉ ጫማውን እየጠረገባት ይገባል። እኔ ግን ባየኋት ቁጥር የግራ እጄ አውራ ጣት ይጠዘጥዘኛል። ጥፍሩ ጠማማ ነው፤ ያጣመመችው እሷ ናት።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ቢቸና ላይ ከተዳፋቱ ግርጌ ነበር። መሬቱ ጥቁር ጭቃ፣ መረሬ ነው። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርግና በእኛ ወለል ይወጣል። መደቡ ይርሳል፣ የጎታው እህል ይሻግታል፣ የግድግዳው ጭቃ እንደ ገንፎ ይላላል። የዚያ የሻገተ ጤፍ ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም።

አንድ በጋ አባቴ ምርር አለውና ጎረቤታችንን አያ ቸኮልን አማከረ። አያ ቸኮል የክርስትና አባቴ ነው፤ ግቢው ከእኛ በታች፣ የጎርፍ መውረጃው ፈፋ አፋፍ ላይ ነበር። ውሃው ከቤታችን ጀርባ ተይዞ፣ በምድር ውስጥ በሱ ግቢ ስር አልፎ፣ ፈፋው እንዲገባ ተስማሙ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። አያ ቸኮል “አበልጄ፣ ያንተም የልጅ ልጆችህም ውሃ በግቢዬ ይለፍ” አለ፤ በቃ፣ አለቀ።

ቦዩን እነሱ እስከ ወገባቸው ቆፈሩት። እኔና የአያ ቸኮል ልጅ አንሙት ትንንሾች ስለነበርን ውስጥ እየገባን ግራና ቀኙን በድንጋይ ደረደርን። ከላይ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከደነ፣ ጭቃ እንዳይገባበት ጭድ ተነጠፈበት፣ አፈሩም ተመለሰ። የመጨረሻዋን ክዳን ስናስቀምጥ አንሙት ቀድሞ ለቀቀና ጣቴ ከስሯ ቀረ። ጮህኩ። እሱ ከእኔ ብሶ አለቀሰ። አያ ቸኮልም “ጣቱ የሱ፣ ለቅሶው ያንተ! ምን ጉድ ነህ?” ብሎት እያመመኝ ሳቅሁ።

በዚያ ክረምት ወለላችን ደረቀ። ለእኔና ለአንሙት ደግሞ ጨዋታ ተገኘ። እኔ በላይኛው አፍ የበቆሎ ቆረቆንዳ እጥላለሁ፤ እሱ ፈፋው ጋ ይጠብቃል። “መጣች!” ሲል ይሰማኛል። ከዘገየች “ተኝተሃል እንዴ?” እለዋለሁ፤ እሱም “ቆረቆንዳህ እንዳንተ ቀርፋፋ ናት!” ይለኛል።

አባቶቻችን አለፉ። መንግሥት ተለወጠ፣ ከተማዋም ሰፋች፤ አንሙት የብሎኬት ቤት ለመሥራት ተነሳ። እኔ እህቴ ታማብኝ ሞጣ ሄጄ ከረምኩ። ስመለስ ቦያችን ተቆርጦ በኮንክሪት ተሞልቷል። ክዳኖቹን አስወጥቶ የበራፉን ደረጃ አሠርቶባቸዋል።

“አንሙት፣ ምነው?” አልኩት።

“ምኑ?” አለኝ።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ካርታ ዘርግቶ “አባባ፣ እዚህ ላይ ቦይ የለም” አለኝ። “መሬት ውስጥ ያለ ነገር ወረቀትህ ላይ ምን ይሠራል?” ብዬው ወጣሁ። ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ አንሙትን ጠየቁት። ዓይኑ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ከዚያ “እኔ የማውቀው ቦይ የለም” አለ። ኮንክሪቱን እንኳ እችለው ነበር።

ዛሬ ግድግዳዬ በባላ ተደግፎ ነው የቆመ። ልጆቼ ቤቱን ተውና እኛ ዘንድ ና ይሉኛል፤ አልተውም። ያ የሻገተ ሽታ ግን ከስንት ዘመኑ ተመልሶ መጥቷል። ድሮ አንድ ቃል ቤታችንን አድርቆልን ነበር፤ አሁን ደግሞ አንድ ቃል ውሃ ውስጥ አስተኛኝ።

ባለፈው ሐምሌ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቆረቆንዳ አንስቼ በላይኛው አፍ ጣልኩ። ቆሜ ጠበቅሁ። አንሙት ደጁ ላይ ነበር፤ በአጥሩ በኩል አየኝ። ቆረቆንዳዋ በታቆረው ውሃ ላይ ዞረች፣ ዞረችና እግሬ ስር ተመለሰች። የሚለው ነገር ያለ መስሎኝ ዓይን ዓይኑን አየሁት። እሱ ግን ፊቱን አዞረና በዚያች ድንጋይ ጫማውን ጠርጎ ገባ።