የተቆረጠው የእንጉዳይ እግር

በንጉሡ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የበልግ ዝናብ እንደጣለ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼን እንጉዳይ እንዲያመጡ አዘዝኩ። የሚታዩትን ምልክቶች በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተራ ጻፍኩ፦ የባርኔጣው ቅርጽ፣ ከሥሩ ያሉት ስስ ሽንሽኖች ቀለም፣ በእግሩ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ በመጨረሻም ባርኔጣው ነጭ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ሲያድር የሚያራግፈው ዱቄት። ክፍሉ በጭቃ እንዳይበላሽ ደግሞ፣ «እግሩን ከመሬት በላይ በቢላዋ ቆርጣችሁ፣ አጥባችሁ አምጡ» አልኩ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጋላ ሰፈር ልጅ የሆነች ተማሪዬ ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ካለው የአክስቷ ማሳ ዳር የለቀመችውን ሰፌድ ሙሉ ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ የሚበላው ነው?»

«የጅብ ጥላ ልትበላ ነው! ማታ እንዳትጮኺብን!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

«ጯሂውስ አንተ! እኛ ቤት ድሮም ይበላል።»

አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት። ሽንሽኑ ነጭ ነው፤ ቀለበትም አለው። ሰዉ ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚለቅመው ጣፋጩ እንጉዳይ መሰለኝ። «ይበላል» አልኩና ምክንያቱን ለክፍሉ ዘርዝሬ አስረዳሁ። አንዱን ለነገው ትምህርት ወረቀት ላይ ደፋሁት። የቀረውን ይዛ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ባርኔጣውን ሳነሳ ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት ዱቄት አረንጓዴ ነበር። የኩይሳው እንጉዳይ እንዲህ ያለ ዱቄት የለውም። ልጅቷም አልመጣችም። ክፍሉን ትቼ ወደ መጋላ ሮጥኩ።

ደጃፋቸው ላይ ወንዶች ተቀምጠዋል። ቤተሰቡ በሙሉ ሲያስመልሰው አድሯል፤ የሦስት ዓመት ወንድሟ ግን ሳይነጋ ሞቷል። ባቡር ጣቢያ በጫኝነት የሚሠራው አባቷ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ቁጭ በል፣ መምህር። እኔ ገጠር፣ ዋሂል ነው ያደግኩት። እኛ ሥሩን ነው የምናየው። የኩይሳው እግሩ ረጅም ነው፣ ኩይሳው ውስጥ ድረስ ይገባል። እግሩ የታለ ስላት፣ ቲቸር ቁረጡ ብሏል አለችኝ። እሱ አይቶታል? አልኳት። አይቶታል አለች።»

«ቁረጡ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ይበላል ያልኩትም እኔ ነኝ።»

በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ።

«እንግዲያው ግባና ለእናቷ ንገራት» አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ልጅቷን ነው የምትረግማት።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።