አባቴ ያጠፋው መብራት

ትናንት ውጭ አገር፣ ሊንደን ከተማ ባለው ቤታችን፣ ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ሂተሩን ላምባ ሲሞላ ሽታው አሰብ ወሰደኝ።

አባቴ እዚያ የመርከቦች መብራት ጠባቂ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማማው ላይ ወጥቶ፣ ትልቁን መስተዋት ወልውሎ፣ የላምባውን ፋኖስ ይለኩሳል። ጀልባዎች ባሕሩ ውስጥ ካለው ድንጋይ የሚርቁት ያንን አይተው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ግን ወታደሮች መጥተው፣ «ለጠላት መንገድ ያሳያል፤ አጥፋው» አሉት። አጠፋው።

በማግስቱ ጠዋት ዓሣ የሚያመጣልን የጎረቤታችን የጋሽ ሳልህ ጀልባ ድንጋዩ ላይ ተሰባብራ ተገኘች። እሱ ግን አልተገኘም።

አባቴ የማማው ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ላምባ በሚሸት እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ «አጠፋሁ፣ ልጄ፤ አጠፋሁ» ይላል። ገና ሕፃን ነበርኩና ስለ መብራቱ የሚያወራ መስሎኝ እጁን ጎተትኩት።

«ታዲያ መልሰህ አብራዋ፣ አባዬ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲህ የጋሽ ሳልህን ሚስት ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር።

«ምነው፣ ሽታው አስቸገረሽ እንዴ?» አለኝ ባለቤቴ።

«አይ» አልኩት። አባቴ «የታዘዝከውን ነው ያደረግከው» የሚለው ሰው ሳያገኝ ሞተ። እኔ ልለው እችል ነበር፤ የገባኝ ግን ከቀበርነው በኋላ ነው።