ቬሊችኮ ጠመንጃ የቀየረበት መከር

ጎረቤቴ ቬሊችኮ ዕድሜውን ሙሉ በቡልጋሪያ የሮዶፒ ተራሮች መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ በወጣ በዓመቱ የጣሪያ ሸክላ ሲያስተካክል ወደቀና ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። ተጠገነ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከርከሮዎቹ ይህን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል የድንች ማሳውን ገለባበጡት። አሮጌ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ፤ አንዴ ቢተኩስ ክንዱ ለሳምንት ማንኪያ ማንሳት አቃተው።

ወደ ከተማ ይዤው የወረድኩት እኔ ነኝ፤ አሮጌውን ጠመንጃም ይዞ ነበር። የጠመንጃ ሱቁ ባለቤት ሩምያና ትባላለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትሠራው።

«ያው እንደ አሮጌዬ አሥራ ሁለት ቁጥር ጠመንጃ፣ ግን አዲስ» አላት ቬሊችኮ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ።

ራሱ የሚያቀባብለውን የጣሊያን ሥራ አወረደችለት። ሁለት ሺህ አራት መቶ ሌቫ።

«ሴትዮ፣ ከርከሮ ላባርርበት ነው እንጂ ልጅ ልድርበት ነው እንዴ?»

ዘጠኝ መቶ የሚያወጣውን የቱርክ ሥራ ሰጠችው። ትከሻው ላይ ደግፎ አነጣጠረ፤ ወዲያው አፈሙዙ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ማዘቅዘቅ ጀመረ። ሩምያና ተቀበለችውና ያገለገለ ባለ ሁለት አፈሙዝ አመጣች፤ ቀለል ያለ፣ ሃያ ቁጥር፣ አራት መቶ ሃምሳ።

«ይሄማ የድርጭት ማደኛ ነው። ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቁ ጋሼ። ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል፤ ትከሻም አይጎዳም። ለከርከሮ ነጠላ እርሳስ ያለውን ጥይት ይውሰዱ፣ አንዱ ሦስት ሌቫ ነው። ለልምምድ ርካሹን፣ በደቃቅ እርሳስ የተሞላውን፤ ሃያ አምስቱ በሃያ ሁለት ሌቫ። አሮጌው ጠመንጃ ግን እቤት አይቀመጥ።»

«ምን በደለሽ?»

«የሃያው ጥይት በስህተት እሱ ውስጥ ከገባ ሾልኮ መሃል ላይ ይቀረቀራል። ሳያዩ ሌላ አጉርሰው ከተኮሱ አፈሙዙ እጅዎ ላይ ይፈነዳል። ባሌ ጣቶቹን ያጣው እንደዚያ ነው።»

ቬሊችኮ አሮጌውን ጠመንጃ አንስቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። «እሺ፣ ውሰጂው» አላት። ከዋጋው መቶ ሃምሳ ቀነሰችለት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «መስጠቴ አይደለም ያስከፋኝ» አለኝ። «ከላዬ ሲወርድ ደስ ስላለኝ ነው።»

የጠመንጃው ፈቃድ እስኪወጣ ጥቅምት ገባ። ከመንደሩ አዳኞች ጋር በወጣበት የመጀመሪያው አደን ላይ ሥጋ ሻጩ ኮስታዲን አየውና፣ «ቬሊችኮ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ይዘህ ነው የመጣኸው?» አለው።

«አንተ መጀመሪያ ጥርስ ይኑርህ!»

ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ከርከሮ ፊት ለፊቱ ወጣ። ተኮሰ፤ ሳተ። ሁለተኛውንም ሳተ። ሰዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሱም ከደከመ ሰው ሆድ የሚወጣ ሳቅ ሳቀ፤ ከዚያ ያኔ ማንኪያ ማንሳት ባቃተው በቀኝ እጁ ከፕለም ፍሬ የተጠመቀ አረቄ ቀዳላቸው፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

ከርከሮዎቹ በዚያም መከር ድንቹን በሉት። በጸደይ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ብቻ ድንች ተከለ። «የቀረውን ከገበያ እንገዛለን» አለችው ሚስቱ። አልተከራከራትም።