ዳር ላይ የሚቆመው ዘፋኝ

የምወዳቸው ዘፋኞች አራት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ሶል የሚባለውን ሙዚቃ ይዘፍናሉ፤ እኔ ሳልወለድ ጀምረው እስከ ዛሬ አላቆሙም። አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ ይለብሳሉ፣ በአንድ መስመር ይቆማሉ፣ እጃቸውንም እግራቸውንም እኩል ያነሳሉ። እርግጥ ከመጀመሪያዎቹ አራት ዛሬ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ብዙውን ዘፈን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚጨርሰው። አንዱ ሲሞት ወይም ተጣልቶ ሲወጣ ሌላ ሰው ልብሱን ለብሶ ይገባል፣ መስመሩም ይቀጥላል።

ከሁሉም የምወደው ዳር ላይ የሚቆመውን ነው። ስሙን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም። ማይክሮፎን ብቻውን ይዞ አያውቅም፤ ሥራው «ኡ… ኡ…» ማለት ነው። በአንድ ዘፈን ላይ ብቻ አንድ ስንኝ ለብቻው ይሰጡታል፤ እኔ በማየው ቪዲዮ ደግሞ ልክ እዚያች ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል።

እነዚህ ሰዎች ጅግጅጋ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለዓመታት አጨቃጭቀውኛል። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለተኛው የእንግሊዝኛ መምህር። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ መልስ ልብስ ሰፊው ሱቅ እንሰበሰብና ስልኩን ስፌት ማሽኑ ላይ አስደግፈን ቪዲዮ እናያለን። ልብስ ሰፊው፣ «እነዚህ እኮ እነሱ አይደሉም» ይላል። «ሰዎቹ አልቀዋል። የቀረው ኮቱ ነው።» እኔ ደግሞ እሟገታለሁ። ቡድን ማለት ቦታ ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ቦታው ግን ይኖራል። የእኔን መሥሪያ ቤት እዩት፣ ኃላፊው ስንት ጊዜ ተቀየረ? መሥሪያ ቤቱ ግን እንዳለ ነው፤ ፋይሉ እንኳ ካለበት ፈቀቅ አላለም። መምህሩ በዚህ መሃል ግጥሙን እየተረጎመ ያቋርጠናል።

ማየት ብቻ አልበቃን አለ። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት የራሳችንን ቡድን አቋቋምን። ልብስ ሰፊው ለአንድ አዳራሽ መጋረጃ ሰፍቶ የተረፈ ወይን ጠጅ ጨርቅ ስለነበረው ከሱ ሙሉ ልብስ ሰፋልን። አራተኛ ሰው ያልፈለግነው ጨርቁ ለሦስት ብቻ ስለበቃ ነው። መጀመሪያ የቀረብነው ጡረታ ለሚወጡ አንድ ኃላፊ ሽኝት ላይ ሲሆን ቦታው ያው መጋረጃ የተሰቀለበት አዳራሽ ሆነ። መጋረጃው ፊት ስንቆም ጠፋን። ከኋላ የተቀመጡት እንደነገሩን፣ የታየው ሦስት ጭንቅላትና ስድስት እጅ ብቻ ነው። ተሸኚው ግን ሆን ብለን ያደረግነው መስሏቸው በጣም ወደዱት።

ልብስ ሰፊው መሃል ቆሞ ያወጣል፣ መምህሩ ይቀበላል፣ እኔ ከግራ ዳር «ኡ…» እላለሁ። ድምፄ ጥሩ አይደለም። ባለቤቴ «ማሰሮ ውስጥ የሚያዛጋ ሰው ትመስላለህ» ብላኛለች። ቢሆንም ዳር የሚቆም ሰው ከሌለ መሃሉ መሃል አይሆንም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። በሰርጉም በምርቃቱም ይጠሩን ጀመር፤ ሰውም እየሳቀ ያጨበጭብልን ነበር።

ባለፈው ዓመት ለስድስት ወር ተብዬ ወደ አፍደም ተዛወርኩ። ጓደኞቼ ሲሸኙኝ ልቤ ተነካና ንግግር አደረግኩ። «ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡ። አሜሪካ ያሉት ታላላቆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ «አንተ ሳትኖር ምን ዘፈን አለ» እንዲሉኝ ፈልጌ ነው። ልብስ ሰፊው «እሺ» አለ። ትንሽ እንኳ አላሰበበትም። ቀጠለናም «ኮቱን ተወው እንግዲህ» አለኝ።

አፍደም በሙቀቷ ኮት የምታስመኝ ከተማ አይደለችም፤ እኔ ግን ያንን መጋረጃ ናፈቅኩት። በወሩ ስደውል ሰው አግኝተናል አሉኝ። ጎልማሳ የሶማሌ ሾፌር ነው። «ኮቱን በሁለቱም ጎን ሰፋ አድርጌለታለሁ» አለኝ ልብስ ሰፊው፤ ይህን ለምን እንደነገረኝ አላውቅም።

«ድምፁስ?» አልኩት።

ስለ ኮቱ እጅጌ ማውራት ቀጠለ። «ተናገር እንጂ» ስለው፣ «የሱቁ መስኮት ይንቀጠቀጣል» አለኝ።

ቀናሁ። አይቼው የማላውቀውን ሰው እንደዚህ ጠልቼ አላውቅም። የታላላቆቹን አዳዲስ ቪዲዮ ማየት ተውኩ። የድሮውን ብቻ እየፈለግኩ፣ «ሰው ማለት እነዚህ ነበሩ፤ አሁን ያለው ኮት ነው» ማለት ጀመርኩ። የምለውም ለአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነበር። ዘበኛው በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ «ባቡሩ ግን አይመጣም» አለኝ።

ስድስት ወሩ ዓመት ሆነ። ልብስ ሰፊው ልጁን ሲድር ጠራኝ፤ ስለ መዝፈን ግን አላነሳም። በድሬዳዋና በሐረር አድርጌ፣ ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዝቼ እየቆረጠምኩ መጣሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ሾፌሩ ነበር። የማይረባ ከሆነ ቦታዬ ይመለስልኛል። ጥሩ ከሆነ ግን ያን ሁሉ ዓመት ቦታ አጣብቤ ነው የኖርኩት ማለት ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ከሙሽራዋ አክስት ጎን አስቀመጡኝ። ሦስቱ ወጡ። ሾፌሩ የእኔን ኮት ለብሶ ከግራ ዳር ቆመ። «ኡ…» ሲል ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። የሙሽራዋ አክስት ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «እዚያ ጋ ትቆም የነበርከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

«ይኼኛው ይሻላል» አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ሥጋ እያነሱልኝ ነው የተናገሩት።

ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ዘፋኞቹ የሚዞሩበት ቦታ ደረሰ። ልብስ ሰፊውና መምህሩ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ሾፌሩ ወደ ግራ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። በሹካ እየጠቆምኩ «ተሳሳተ፣ ተሳሳተ» አልኳቸው ለሴትዮዋ። ዘፈኑ እስኪያልቅ መጠበቅ ከበደኝ። ልክ ሲወርዱ እንደ መሥራች አባል ኮራ ብዬ ሄጄ ሾፌሩን ጨበጥኩትና፣ «ድምፅህ ግሩም ነው፤ ስንዞር ግን ሁላችንም ወደ ቀኝ ነው የምንዞረው» አልኩት።

«ዋላል» አለኝ፤ በሶማሊኛ ወንድሜ ማለቱ ነው። «እኔማ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ዞሬ ነበር። እነሱ ናቸው እንቢ ያሉኝ። አንተ ወደ ግራ ነው የምትዞረው አሉኝ። አይደለም እንዴ?»

መምህሩን አየሁት፤ መምህሩ ጫማውን አየ። እግሬ እንደለመደው እዞር ነበር እንጂ ወዴት እንደሆነ ልብ ብዬ አላውቅም፤ ለካ ወደ ግራ ኖሯል። ከግራ ዳር ቆሜ ጀርባዬን ስለምሰጣቸው እነሱ ወዴት እንደሚዞሩም አንድም ቀን አላየሁም። በየሰርጉ ሰው ይስቅ የነበረው በእኔ ነው ማለት ነው። ጆሮዬ ጋለ።

ልብስ ሰፊው ላቡን እየጠረገ፣ «ሞክረን ነበር እኮ» አለ። «አንድ ቀን ሦስታችንም ወደ ቀኝ ዞርን። ልክ ነው፣ እኩል ነው። ግን አንድ ሰው የጎደለ መሰለን። መምህሩማ ‹አልቻልኩም› ብሎ ቁጭ አለ። ከዚያ አንተ እንደምትዞረው አድርገን አስተማርነው።»

ሐፍረቱ ሳይለቀኝ ደስ አለኝ፤ በዘፈን የተነሳ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስታዬ እንዳይታይብኝ ቆጣ አልኩና፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩት።

«ብንነግርህ ወደ ቀኝ ትዞርብን ነበራ» አለኝ።