አንደኛ የወጣው መሬት

መሬትን ማመስገን ጉዳት እንዳለው ያወቅሁት እንጀራዬ አፈር መመደብ ከሆነ በኋላ ነው። ሥራው ለሚያየው ሰው ብዙም አያኮራም። ጉድጓድ አስቆፍሬ እገባበታለሁ፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በቢላዋ እፍቃለሁ፣ አፈሩን በውሃ ለውሼ በጣቶቼ አሻለሁ፣ ቀለሙን፣ ልስላሴውንና የሥሩን ብዛት እመዘግባለሁ፤ በመጨረሻም ስምና ደረጃ እሰጠዋለሁ። አባቴ በቆላው መንደራችን በጀውሃ ለጠየቀው ሁሉ «ልጄ ዶክተር ናት» ይላል። የምን ዶክተር ብለው ሲጠይቁት ወሬ ይቀይራል።

ክፍል ተከራይቼ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። በጋው ሲጠና ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ስለዚህ የጥናት ቡድን መሪያችን «ከማጀቴ በላይ ያለውን የደጋ ሣር ሜዳ ልናጠና ነው» ሲል የሥራ ባልደረቦቼ ደስ ብሏቸው ጃኬት ሊገዙ ወጡ። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። የአባቴ ላምና ጊደር ያሉት እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። የእኛ ሣር በፀሐይ ሲነድ አባቴ ከብቶቹን ወደ ደጋ ይልካል፤ እዚያ የሚጠብቁለት አንድ ክርስቲያን ወዳጅ አሉት። ወተቱን እሳቸው ይጠጣሉ፣ ጥጃው የአባቴ ነው። እሳቸው ለገበያ ወደ ቆላ ሲወርዱ እኛ ቤት ያድራሉ፤ ሲመለሱም ማሾ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ተሸክመው ይወጣሉ። ውል የሚባል ነገር የለም። አንዱ ሌላውን አታልሎ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እንሰማ ነበር።

ጥናቱ የታዘዘው ደግሞ ለዚህ ነው፦ ሜዳው ለእርሻ የሚመች ሆኖ ከተገኘ ታርሶ በኩታ ገጠም ስንዴ ይዘራበታል፤ ካልተመቸ ሣር ሆኖ ይቀራል። ይህ ለነዋሪው እንዳይነገር በጥብቅ ተነግሮናል። ምክንያቱም ሰው ጥቅሙን ካወቀ ስለ መሬቱ ይዋሻል ተብሎ ይታሰባል። ቡድን መሪያችን ሰው ስንዴውን ፈልጎ መሬቱን ከልክ በላይ ያሞግሳል ብሎ ይሰጋል። እኔ የምሰጋው ሳይነገራቸውም እንዳያሞግሱት ነበር።

አንድ ተስፋ ነበረኝ። የደጋ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ይኮመጥጣል፤ ኖራ በጆንያ ካልተበተነበት ስንዴ አይወድለትም። መኪናችን ጠመዝማዛውን ዳገት ስትወጣ የሜዳው አፈር ኮምጣጣ እንዲሆን አላህን እየለመንኩ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ዱዓ ያደረገ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

የአባቴ ወዳጅ ከሩቅ አውቀውኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። ለእስላም እንግዳ ምን እንደሚቀርብ ከድሮም ያውቁታል፤ የገብስ ቆሎና የአባቴን ላም ወተት በአዲስ ጣሳ አቀረቡልኝ። አባቴ በእጄ የላከላቸውን ሎሚና ማሾ ተቀብለው ስለ ጤናው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጉልበቱ ጠየቁ። ከዚያ እኔና ባልደረቦቼ መሬታቸውን ልናይ እንደመጣን ሲሰሙ ተነሡ። ልጃቸውን ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ያገኙ ይመስል ፊታቸው በራ።

ቡድን መሪያችን ለጉድጓዱ በስልኩ የመረጠው ነጥብ ያረፈው ድንጋይ ፈጦ የሚታይበት ጥግ ላይ ነበር። ደስታዬን ለመደበቅ ጫማዬን አሰርኩ። እሳቸው ግን ቦታውን ሲያዩ ተቆጡ።

«ምነው እዚህ?» አሉ። «ለእንግዳ እንዲህ ያለ ቦታ ይታያል? ይሄኮ የሜዳው ቂጥ ነው። ኑ ወዲህ።»

«ጋሼ፣ ግድ የለም፤ እዚህም ይበቃል» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ለምን ታሳንሺናለሽ? አባትሽ ቢሰማ ምን ይላል?»

ወደ ሜዳው መሐል ወሰዱን። ቡድን መሪያችን ለጥንቃቄ ሁለቱንም ቦታ አስቆፈረ፤ ዞር ዞር ብሎም አፈሩን እየወጋ አየ። ከድንጋያሙ ጥግ በቀር ሜዳው ሁሉ የሳቸውን ቦታ ይመስላል።

ጉድጓዱ ውስጥ ስገባ፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። እኔ ያደግሁት በበጋ ተሰነጣጥቆ የፍየል እግር በሚይዝ፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ከእግር በሚያወልቅ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ነው። ይሄኛው ጥቁር ነው ግን አይጣበቅም፤ ስጨብጠው ይጠጥራል፣ ስለቀው ፍርፍር ይላል። አሸዋውም፣ ደለሉም፣ ሸክላውም ተመጣጥነው የገቡበት አፈር ነው። የሣሩ ሥር ከላይ ጀምሮ እስከ ደረቴ ድረስ እንደ ፀጉር ወርዶበታል። ከዚያ በታች ቀለሙ እየሳሳ ይሄድና ቀጭን ቀጭን ነጭ ክሮች ይታያሉ። ክሮቹ ኖራ ከሆኑ ጸሎቴ ከንቱ ቀርቷል ማለት ነው።

ለማረጋገጥ አሲድ ጠብ ይደረግበታል፤ ኖራ ያለው አፈር ይፈላል። የአሲዱ ጠርሙስ ግን ክዳኑ ላልቶ ዳገቱ ላይ ፈስሷል፤ የቡድን መሪያችንንም አዲስ ጃኬት በልቶታል። እሱ ሲራገም እኔ በልቤ አልሃምዱሊላህ አልኩ። ያለ ማረጋገጫ ጥናቱ ይዘገያል፤ የዘገየ ነገር ደግሞ በእኛ አገር ሊቀርም ይችላል።

«ምን ጠፋባችሁ?» አሉ የአባቴ ወዳጅ።

«የሚኮመጥጥ ውሃ ነበረን፣ ፈሰሰ» አላቸው ቡድን መሪው።

ጥቂት አሰቡ። «የሚኮመጥጥ ከሆነ ሎሚስ? ሎሚ አለኝ እኮ። አባቷ የላከው።»

በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ ሄደው አመጡት። ከጓሯችን የተቆረጠውን ሎሚ ቡድን መሪው ነጩ ክር ላይ ጨመቀው። አፈሩ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ፍሽሽ እያለ አረፋ አወጣ። የአባቴ ወዳጅ ራሳቸው ያፈሉት ይመስል ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ፈላ። ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ብቻ?» አለ ቡድን መሪው። «የሌላው ደጋ ኖራ በመኪና እየተጫነለት ነው። ይሄ የራሱን ይዞ ተቀምጧል።»

አመሻሹ ላይ ትእዛዙን ጣስኩ። የአባቴን ላም ሲያልቡ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መሬቱ ጥሩ ከተባለ እንደሚታረስ፣ ሜዳው ሁሉ ስንዴ እንደሚሆን፣ መጥፎ ከተባለ ግን እንደሚቀር። ማለባቸውን አላቆሙም።

«ከብቱስ የት ይሄዳል?»

«እሱን ማንም አልነገረኝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ መጥፎ ነው በያቸዋ።»

«ጉድጓዱን ሁላቸውም አይተውታል። ነገ ቡድን መሪው የነዋሪውን አስተያየት ይጠይቃል። አንቱ ይንገሩት፤ ምን ምን እንደሚያስቸግር፣ እህል እንደማይሆን ይንገሩት።»

«እነግረዋለሁ» አሉ። «ከብቶቼን ሜዳ አላሳጣም። ምን ያቅተኛል?»

በማግስቱ ሰዉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰበሰበ። እሳቸው የክት ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ቡድን መሪው ስለ መሬታቸው እንዲናገሩ ሲጋብዛቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህ መሬት ብርድ አለው።»

«ብርዱ የአየሩ ነው፣ አባባ። አፈሩስ?»

«አፈሩ ድንጋይ ነው።»

ሁላችንም ወደ ጉድጓዱ አየን። እኔን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ጥልቀት አለው፤ ጠጠር እንኳ አይታይበትም።

«ወደ ታች» አሉ። «ወደ ታች በጣም ቢቆፈር ድንጋይ አይጠፋም።»

ሰው ሳቀ። ቡድን መሪው ክፋት አልነበረውም፤ ለጨዋታ ያህል ብቻ «ከብቶቹ ግን ድንጋይ የሚበሉ አይመስሉም፤ ያቺ ቀይ ላም እንዲያውም በጣም ወፍራለች» አለ።

ቀይዋ የእኛ ናት። የአባቴ ወዳጅ ዞር ብለው አዩዋት፤ እኔም ያን ጊዜ ነገሩ እንዳከተመ ገባኝ።

«ወፍራለች እንጂ» አሉ። «ስትመጣ አጥንቷ ይቆጠር ነበር። ማን አወፈራት? ይሄ ሣር ነው። ውርጭ ቢያቃጥለው በሳምንቱ ይነሣል። አባቴም ከብት ያረቡት እዚሁ ነው፤ አንድ ቀን ሣር ተገዝቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ አፈር ያለው አገር ካለ እስቲ ጥሩልኝ።»

ሰዉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። እሳቸው ንግግራቸውን ጨርሰው ወደ እኔ ሲያዩ ምን እንዳደረጉ ገባቸው። ዓይናቸውን ማየት ስላልቻልኩ የማይፈለግ ናሙና መጠቅለል ጀመርኩ። ደግሞ ምን ብዬ እፈርድባቸዋለሁ? በራሳቸው መሬት ላይ ቆመው፣ ከብቶቻቸው ፊት፣ ጎረቤታቸው እየሰማ መሬታቸውን ይሰድቡልኝ ዘንድ የጠበቅሁት እኔ ነኝ።

እኔም በበኩሌ ሪፖርቱ ላይ ውርጭ እህሉን እንደሚያጠቃና ሜዳው ለግጦሽ ቢተው እንደሚሻል ጽፌ ነበር። ቡድን መሪው አንብቦ «ይሄ የአፈር ባሕርይ አይደለም» ብሎ አወጣው። በትምህርታችን ሕግ ከሄድን ልክ ነው። ለአፈሩ የተሰጠው ስም ረጅምና የባዕድ ነው፤ ሲተረጎም ግን ለስላሳ ከማለት ብዙም አያልፍም። ደረጃው አንደኛ።

ውጤቱ በስብሰባ ሲነገር ሰዉ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ልጁ ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣለት ወላጅ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ትራክተሩ የመጣው ክረምት ሳይገባ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጀውሃ አባቴ ቤት ሳለሁ ከአስፋልቱ በኩል የከባድ መኪና ጥሩምባ ሰማን። የአባቴ ወዳጅ ከብት እየነዱ መንገድ ያቋርጣሉ። ቀይዋን ላምና ጊደሯን ብቻ አይደለም፤ የራሳቸውን በሬዎችና ላሞችም ይዘው ነው የወረዱት። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጥለውታል፤ ላቡ ከግንባራቸው ይወርዳል። ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ አባቴን፦

«መሬታችን አንደኛ ወጣ» አሉት። «ልጅህ ናት ያወጣችው።»

«ማሻአላህ» አለ አባቴ። ከልቡ ነው ያለው፤ እሳቸውም የተቀበሉት ከልባቸው ነው። መሬት ገብቼ ብደበቅ ደስ ባለኝ፤ ጉድጓድ መግባት ለምጄዋለሁ።

ውሃ ጠጡና ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ቦታ ይዣቸው ሄድኩ። ግራርና ቁጥቋጦ የበቀለበት፣ ጠጠሩ ከአፈሩ የሚበዛ፣ ፍየሎቻችን እንኳ የሚያማርሩት ጭንጫ ነው። በሬዎቻቸው አንገታቸውን ደፍተው የሚበላ ይፈልጋሉ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ከመሬቱ እፍኝ ዘገኑ፤ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ሳደርግ እንዳዩኝ በጣታቸው አሹት።

«ይሄንንስ አጥንታችሁታል?»

«አጥንተነዋል፣ ጋሼ።»

«ስንተኛ ወጣ?»

«መጨረሻ።»

አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ። ከመጡ ጀምሮ ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ተመስገን» አሉ። «እንግዲያው እዚህስ የሚነካቸው የለም።»

በሬዎቹንም ወደ ቁጥቋጦው ነዱአቸው።